የስሌት ጉልበት ለሁሉም ሲዳረስ፦ መሣሪያው የማን፣ መዝገቡስ የማን ነው?

የሰው ልጅ ሥራውን የሚያቃልልለት መሣሪያ በሠራ ቁጥር አንድ የቆየ ጥያቄ አብሮት ይነሣል። ይኸውም መሣሪያው በማን እጅ ነው፣ ተጠቃሚውስ ማን ነው የሚለው ነው። ማረሻው፣ የሸማ መሥሪያው፣ ወፍጮው፣ የስፌት መኪናው ሁሉ በየዘመናቸው ይህን ጥያቄ አስነሥተዋል። ዛሬ ደግሞ ጥያቄው በኮምፒዩተር ላይ ተነሥቷል። የሂሳብ መዝገብ፣ የዕቃ ቆጠራ፣ የደንበኛ ትእዛዝና የገንዘብ ዝውውር በኮምፒዩተር በሚካሄዱበት ዘመን የስሌት ጉልበት ያለው ይራመዳል፤ የሌለው ወደ ኋላ ይቀራል። ስለሆነም ይህ ጉልበት ወደ ትንሹ ሱቅ፣ ወደ አምስት ሰው ማኅበርና ወደ ዕድሩ ጽሕፈት ቤት የሚደርስበት መንገድ ሠራተኛውንና የሰፈሩን ነዋሪ በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ ነው።

በየካ ክፍለ ከተማ፣ በሲግናል ሰፈር ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው የእንጦጦ ጋራ ከነባሕር ዛፉ ይታየዋል። በዚያ ጋራ ዳገትና ቁልቁለት ማገዶ ተሸክመው ሲወርዱ ዘመናቸውን የገፉ እናቶች አያሌ ናቸው። በዚሁ ጋራ ላይ የሕዋ ምርምር ማዕከል ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ባመጠቀች ጊዜም የሳተላይቷን መረጃ የሚቀበለው የምድር ጣቢያ የቆመው እዚያው እንጦጦ ላይ ነበር። እንግዲህ በአንድ ጋራ ላይ የጀርባ ሸክምና የሕዋ መልእክት ጎን ለጎን ይገኛሉ ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። የላቀ መሣሪያ በሀገር ውስጥ መገኘቱ ብቻውን ለሰፊው ሕዝብ ደርሷል ማለት አይደለም። ቁም ነገሩ ከጋራው ጫፍ እስከ ሰፈሩ ሱቅ በምን መንገድ ይወርዳል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ በዘመናችን ከቀረቡት መልሶች አንዱ ክላውድ ኮምፒውቲንግ የተባለው አሠራር ነው። ስሙ በየስብሰባውና በየማስታወቂያው ይጠራል፤ ነገር ግን ምንነቱ በሚገባ ሲብራራ እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ ከትርጓሜው እንጀምር።

ክላውድ ምንድን ነው?

ክላውድ በእንግሊዝኛ ደመና ማለት ነው። ስያሜው ብዙዎችን ያሳስታል። በሰማይ ላይ የተንጠለጠለ አንዳች ነገር የለም። መሐንዲሶች የመገናኛ መረብን በሥዕል ሲያሳዩ በደመና ቅርጽ ይሥሉት ስለነበር ስሙ ከዚያ ተወርሶ ቀረ። ክላውድ የሚባለው በምድር ላይ፣ በሲሚንቶና በብረት በታነጸ ቤት ውስጥ፣ በመደርደሪያ ላይ የተደረደረ የብዙ ኮምፒዩተሮች ክምችት ነው። ኮምፒዩተሮቹ ቀንና ሌሊት ኤሌክትሪክ ይበላሉ፤ ስለሚግሉ ማቀዝቀዣ ያሻቸዋል፤ ዘበኛና ባለሙያ ይጠብቃቸዋል። ይህ ቤት ዳታ ሴንተር ይባላል። ክላውድ ኮምፒውቲንግ ማለት እንግዲህ ተጠቃሚው በቤቱ ወይም በሱቁ ኮምፒዩተር ሳያከማች፣ በዚያ ሩቅ ቤት ካሉት መኪናዎች ጉልበት በመስመር እየቀዳ፣ የተጠቀመበትን ያህል ብቻ የሚከፍልበት አሠራር ነው።

ነገሩን ከምናውቀው ኑሮ ጋር እናነጻጽረው። ጤፍ ለማስፈጨት ወፍጮ የሚገዛ ቤተሰብ የለም። እህሉን አዘጋጅቶ ወደ ወፍጮ ቤት ይወስዳል፤ በሚዛን ይመዘንለታል፤ በኪሎ ከፍሎ ዱቄቱን ይዞ ይመለሳል። ሞተሩን የሚያድሰው፣ ድንጋዩን የሚወቅረው፣ የመብራቱን ሂሳብ የሚከፍለው ባለ ወፍጮው ነው። ሠርግ ያለበት ሰው አንድ ኩንታል፣ ብቸኛዋ እናት አምስት ኪሎ ይዘው ይመጣሉ፤ ሁለቱም በዚያው ድንጋይ ያስፈጫሉ። የክላውድም መሠረተ ሐሳብ ከዚህ የራቀ አይደለም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ትርጓሜ አንድ አገልግሎት ክላውድ ለመባል 5 ባሕርያት ሊኖሩት ይገባል ብሏል። አንደኛ፣ ተጠቃሚው የማንንም ፈቃድና ቀጠሮ ሳይጠብቅ በፈለገ ሰዓት ራሱ መጠቀም የሚችል መሆኑ፤ ሁለተኛ፣ በመስመር አማካይነት ከስልክም ከኮምፒዩተርም የሚደረስበት መሆኑ፤ ሦስተኛ፣ ሀብቱ በአንድነት ተከማችቶ ብዙዎች የሚጋሩት መሆኑ፤ አራተኛ፣ ሥራ ሲበዛ ወዲያው የሚሰፋ፣ ሲቀንስም የሚጠብ መሆኑ፤ አምስተኛ፣ አጠቃቀሙ በልክ የሚለካ መሆኑ ናቸው።

ለዕድር አባል ሦስተኛውና አራተኛው ባሕርይ እንግዳ አይሆኑበትም። ከአባላቱ መካከል 200 ሳህን፣ ሰፊ ድንኳንና የአግዳሚ ወንበር ክምችት በቤቱ የሚያስቀምጥ የለም። ነገር ግን ሐዘን በደረሰበት ቀን እያንዳንዱ አባል ይህ ሁሉ በደጁ ይተከልለታል፤ በማግስቱም ለሌላው ይተላለፋል። ሁሉም በአንድ ቀን ስለማያዝን አንድ ድንኳን ለብዙ ቤት ይበቃል። የክላውድ ኢኮኖሚም የቆመው በዚሁ ስሌት ላይ ነው። የሁሉም ተጠቃሚ ከፍተኛ የሥራ ሰዓት በአንድ ጊዜ ስለማይገጥም ያው መኪና ለአያሌ ሰዎች ይዳረሳል። ልዩነቱ የዕድሩ ድንኳን የአባላቱ የጋራ ንብረት ሲሆን፣ የክላውዱ መኪና ግን የኩባንያ ንብረት መሆኑ ላይ ነው። ይህን ልዩነት በኋላ እንመለስበታለን።

አገልግሎቱ የሚቀርብባቸው ደረጃዎችም ሦስት ናቸው። በእንጀራ ብንመስላቸው፣ የመጀመሪያው ምጣድና መብራት ያለበትን ቤት ተከራይቶ ዱቄቱንም ሊጡንም ራስ እንደማዘጋጀት ነው፤ ይህም ባዶ ኮምፒዩተር መከራየት ነው። ሁለተኛው የተቦካ ሊጥ ተቀብሎ እንደመጋገር ነው፤ ፕሮግራም ሠሪው የራሱን ሥራ ብቻ ይጨምርበታል። ሦስተኛው የተጋገረ እንጀራ ከሱቅ እንደመግዛት ነው፤ የሂሳብ መያዣው፣ ደብዳቤው፣ የፎቶግራፍ ማስቀመጫው ተዘጋጅቶ ይቀርባል። አብዛኛው ትንሽ ድርጅት የሚፈልገው ይህን ሦስተኛውን ነው። ብዙዎቻችንም ሳናውቀው ተጠቃሚዎች ሆነናል። በቴሌግራም ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ፎቶግራፉን በስልኩ አማካይነት በሩቅ ቤት ያስቀመጠ ወጣት፣ ደብዳቤውን በጂሜይል የሚልክ ጸሐፊ ሁሉ በሌላ ሰው ኮምፒዩተር እየሠሩ ነው።

ከክምችት ወደ ሥርጭት

የስሌት መሣሪያ ታሪክ በአመዛኙ የክምችት ታሪክ ነው። በሀገራችን ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የታዩት የሂሳብ መኪናዎች አንድ ክፍል የሚሞሉ፣ ልዩ ማቀዝቀዣና ልዩ ባለሙያ የሚሹ ስለነበሩ በትላልቅ መሥሪያ ቤቶች ካልሆነ በቀር አይገኙም ነበር። በዓለምም ቢሆን ሁኔታው ተመሳሳይ ነበር። የዘመኑ ታላቅ የሂሳብ መኪና አምራች የነበረው አይቢኤም እስከ እ.ኤ.አ. 1956 ድረስ መኪናዎቹን ያከራይ ነበር እንጂ አይሸጥም ነበር። በዚያ ዓመት ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በነበረው ክርክር ምክንያት በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት እንዲሸጥም ግዴታ ገባ።

ከዚህ ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባ ነጥብ አለ። ኪራይ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኪራይ መሆኑም ብቻውን ትንሹን ተጠቃሚ አያደርገውም። ያን ጊዜ የሚከራየው መኪናው በሙሉ፣ ለወራትና ለዓመታት ስለነበር ኪራዩን የሚችለው ያው ትልቁ ድርጅት ብቻ ነበር። ለውጡ የመጣው የኪራዩ መለኪያ ሲያንስ ነው። ወፍጮ ቤት በኩንታል ብቻ ቢፈጭ ኖሮ አምስት ኪሎ የያዘችው እናት ደጁን ባልረገጠች ነበር።

ይህን አስቀድመው ያዩ ምሁራን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ማካርቲ የተባለው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የመቶኛ ዓመት በዓል ላይ ባደረገው ንግግር፣ የስሌት አገልግሎት እንደ ስልክ ሁሉ አንድ ቀን የሕዝብ አገልግሎት ሆኖ ሊደራጅ እንደሚችል ተናግሮ ነበር። ሐሳቡ ግን በተግባር እስኪገለጥ ሌላ መንገድ ዞሮ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የግል ኮምፒዩተር ተስፋፋና መሣሪያው በየጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ይህ ትልቅ እርምጃ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ የየጠረጴዛው ኮምፒዩተር ለየብቻው የቆመ ነበር። አብዛኛውን ሰዓት ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ሥራ የበዛ ዕለት ደግሞ አቅም ያንሰዋል፤ ሲበላሽም በውስጡ ያለውን ሁሉ ይዞ ይሞታል።

የማካርቲ ሐሳብ ለገበያ በስፋት የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመረጃ ማስቀመጫ አገልግሎት በጊጋባይት በወር በ15 የአሜሪካ ሳንቲም ማከራየት ጀመረ። በነሐሴም አንድ ኮምፒዩተር በሰዓት በ10 ሳንቲም አቀረበ። ማይክሮሶፍትና ጉግልም ተከትለውት ገቡ።

እስቲ ይህን የመጀመሪያ ዋጋ እናስላው። አንድ ኮምፒዩተር ወሩን ሙሉ ያለማቋረጥ ቢሠራ 720 ሰዓት ነው፤ ሂሳቡም 72 ዶላር ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ብቻ ቢሠራ ግን 208 ሰዓት ነውና 20 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይከፈላል። ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ሦስተኛው ስሌት ነው። አንድን ኮምፒዩተር ለ1,000 ሰዓት መከራየት 100 ዶላር ያስከፍላል፤ 1,000 ኮምፒዩተሮችን ለአንድ ሰዓት መከራየትም ያው 100 ዶላር ነው። ከአርባ ቀን በላይ ይፈጅ የነበረ ሥራ፣ ለብዙ መኪና የሚከፋፈል ዓይነት ከሆነ፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ትንሹ ድርጅት ለአንዲት ሰዓት የትልቁን ያህል ጉልበት ያገኛል ማለት ነው። 

በሲግናል ሱቅ ሲታይ

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። እንበልና በሲግናል አካባቢ አምስት ሆነው ተደራጅተው የሐበሻ ልብስ የሚሰፉ ሠራተኞች አሉ። ትእዛዝ የሚቀበሉት በኢንተርኔት ነው፤ ከገዢዎቻቸውም ከፊሎቹ በውጭ ሀገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በዓመቱ ውስጥ ትእዛዙ ቀጭን ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ ሲቃረቡ ግን ይጎርፋል። በቀድሞው አሠራር ለእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ሲሉ ትልቅ ሰርቨር መግዛት ነበረባቸው፤ ካልገዙም ድረ ገጻቸው በሥራው ወቅት ይዘጋባቸዋል። መግዛቱ ደግሞ ለመኪና፣ ለጨርቅና ለደመወዝ የሚሆነውን ገንዘብ በአንድ ብረት ሣጥን ውስጥ መቅበር ነው። በክላውድ አሠራር ግን በዓል ሲቃረብ ጉልበቱን ያሰፋሉ፤ በማግስቱ ያጠባሉ። ወጪው በአንድ ጊዜ ከሚጠየቅ ካፒታል ወደ ወርኃዊ ሂሳብ ይለወጣል። ሐሳባቸው ባይሳካም የሚያጡት የአንድ ወር ኪራይ ነው እንጂ በብድር የተገዛ ሰርቨር አይደለም። ለትንሽ ድርጅት የመሞከር ዕድል ማለት ይህ ነው።

ሌላ ምሳሌ ደግሞ ዕድሩን እንውሰድ። የዕድር መዝገብ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ማን ከየትኛው ዓመት ጀምሮ አባል ነው የሚለውን ይይዛል። መዝገቡ በአንድ ደብተር ወይም በጸሐፊው ላፕቶፕ ብቻ የተያዘ ከሆነ እሳት፣ ጎርፍ ወይም ሌባ የሃያ ዓመት መዋጮን በአንድ ሌሊት ያጠፋዋል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ማን ነው? ባሏ የሞተባትና የከፈለችበትን ማስረጃ ማቅረብ የማትችለው አሮጊት ናት። መዝገቡ በሩቅ ቤት ተጨማሪ ቅጂ ቢኖረው፣ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡም በየስልካቸው ቢያዩት፣ ይህ ጉዳት አይደርስም። አንዱ የጻፈውን ሌላው ስለሚያይም ተጠያቂነት ይጠናከራል።

የነገሩ ሌላ ገጽታ

ከዚህ በላይ የተባለው እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ማንኛውም ነገር በውስጡ ተቃራኒ ጎኖች አሉት። ክላውድ የስሌትን ጉልበት ሲያሠራጭ የመሣሪያውን ባለቤትነት ግን ይበልጥ ያከማቻል። ይህ ቅራኔ በሚገባ ሳይጤን ስለ ጥቅሙ ብቻ መናገር ሠራተኛውን ማሳሳት ይሆናል። አራት ነጥቦችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የመስመርና የመብራት ጉዳይ ነው። ወፍጮ ቤቱ የቱን ያህል ቢዘምን መንገዱ ከተዘጋ እህል አይፈጭም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከዓለም የመረጃ መረብ ጋር የምትገናኘው በጎረቤቶቿ በኩል አልፎ በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ነው። የባሕር ገመድ ደግሞ ይቆረጣል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2024 ከምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ በርካታ ገመዶች በአንድ ቀን ተበጥሰው በብዙ ሀገሮች ሥራ ተሰናክሏል። በሀገራችንም በተለያዩ ጊዜያትና ቦታዎች ኢንተርኔት ሲቋረጥ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ሥራ ሁሉ ቆሟል። መብራት በጠፋበት ሰፈርም የሩቁ ቤት ጄኔሬተር ለሱቁ ስልክና ለሰፈሩ መስመር አይጠቅምም። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ለዚህ ኢንዱስትሪ መሠረት ይጥላል። ነገር ግን የመነጨው ኃይል ትርጉም የሚኖረው በማከፋፈያው መስመር አልፎ ሳይቆራረጥ ከደጃፍ ሲደርስ ነው።

ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ታላላቆቹ የውጭ ኩባንያዎች ሂሳባቸውን የሚጠይቁት በአመዛኙ በዶላር ነው፤ የሚቀበሉትም የውጭ ምንዛሪ በሚከፍል ካርድ ነው። የሲግናሉ ልብስ ሰፊ ገቢው በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ እስከዚያ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በወር 20 ዶላር ይከፍል የነበረ ድርጅት አንዲት ሰዓት ተጨማሪ አገልግሎት ሳያገኝ 1,140 ብር ገደማ የነበረው ሂሳቡ ከ2,000 ብር አለፈበት። መሣሪያውን የገዛ ሰው የምንዛሪ ለውጥ ቢመጣ መሣሪያው በእጁ ነው፤ ተከራዩ ግን ለውጡን በየወሩ ይከፍላል። «የተጠቀሙትን ያህል ብቻ ይክፈሉ» የሚለው ማስታወቂያ ይህን አይነግረንም።

ሦስተኛው የባለቤትነት ክምችት ነው። ከዓለም የክላውድ መሠረተ ልማት ገበያ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የያዙት አማዞን፣ ማይክሮሶፍትና ጉግል ናቸው። ሁሉም ሰው በአንድ ወፍጮ ቤት ሲፈጭ የዚያ ወፍጮ መሰበር የሰፈሩ ሁሉ ረሃብ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 20 ቀን 2025 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በሚገኘው የአማዞን ማዕከል በደረሰ ብልሽት ምክንያት በዓለም ዙሪያ አያሌ አገልግሎቶች ለሰዓታት ተቋርጠዋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 ደግሞ በፈረንሣይ ስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች የተባለው ኩባንያ አንዱ ዳታ ሴንተር በእሳት ሲወድም በሌላ ቦታ ቅጂ ያላስቀመጡ ደንበኞች መረጃቸውን እስከ መጨረሻው አጥተዋል። ደመና ይቃጠላል ብሎ ያሰበ ሰው ጥቂት ነበር።

በዚህ ላይ የመውጫ በር ጉዳይ ይታከላል። ወደ አንድ ኩባንያ መግባት ቀላል ነው፤ መረጃን ጠቅልሎ ወደ ሌላው መሻገር ግን ብዙ ጊዜ ወጪና ድካም አለው። ሥራው በአንዱ ኩባንያ ልዩ መሣሪያዎች ላይ በተገነባ ቁጥር መውጣቱ ይከብዳል። ይህ ሥጋት በድሃ ሀገሮች ብቻ የሚታሰብ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የመረጃ ሕጉ፣ ደንበኛ ከአንዱ ክላውድ ወደ ሌላው ሲሻገር ይጠየቅ የነበረው ክፍያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2027 አንሥቶ እንዲቀር ደንግጓል። የበለጸጉት ሀገሮች ድርጅቶች ሕግ ካሻቸው፣ የእኛ ትንሽ ድርጅትማ እንዴት አብልጦ አያሻው?

አራተኛው የዕውቀት ጉዳይ ነው። መኪናው የኩባንያው ቢሆንም የይለፍ ቃሉን የሚመርጠው፣ ማን ምን እንዲያይ የሚፈቅደው፣ ሥራ ሲያልቅ የሚያጠፋው ተጠቃሚው ነው። የተከራየውን ኮምፒዩተር ሳያጠፋ የሄደ ሰው ቧንቧ ከፍቶ እንደተኛ ሰው ነው፤ ቆጣሪው ይቆጥርበታል። ስለሆነም ጉልበቱ ለሁሉም ቢቀርብም የሚጠቀምበት የሚያውቀው ነው። ያላወቀ ይከፍላል፤ ያወቀ ይጠቀማል።

የሀገር ውስጥ አማራጭ

እንግዲህ በሀገር ውስጥ ምን አለ? ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም የክላውድ አገልግሎት ያቀርባል። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ባለው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፓርክም እንደ ራክሲዮ፣ ዊንጉና ሬድፎክስ ያሉ ድርጅቶች ዳታ ሴንተር ገንብተዋል። የስልክ ዘርፉም ለረጅም ዘመን በአንድ ድርጅት ከተያዘ በኋላ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ሲጀምር ሁለተኛ አቅራቢ አግኝቷል። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም በተራ ስልክ የሚከፍለውንና የሚቀበለውን ሕዝብ ቁጥር እጅግ አብዝቶታል።

የሀገር ውስጥ ዳታ ሴንተር ሦስት ጥቅሞች አሉት። ሂሳቡ በብር ይከፈላል፤ መልእክቱ ባሕር ተሻግሮ ስለማይመለስ ይፈጥናል፤ ክርክር ቢነሣ ጉዳዩ በሀገር ሕግና በሀገር ፍርድ ቤት ይታያል። ይህ ሲባል ግን ጥያቄው ሁሉ ተመልሷል ማለት አይደለም። መኪናዎቹ ከውጭ የሚገዙ ስለሆነ የምንዛሪው ጫና ዘግይቶ በኪራዩ ውስጥ ይመጣል። የሀገር ልጅ የያዘው ቤትም በእሳትና በመብራት መቋረጥ ይፈተናል። ስለዚህ የሀገር ውስጥ ነው ብሎ ዓይንን መጨፈን፣ የውጭ ነው ብሎ እንደመሸሽ ሁሉ ስሕተት ነው። መጠየቅ ያለበት ዋጋው፣ አስተማማኝነቱና የመውጫ በሩ ነው።

ከሕግ አንጻር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መታወቅ ይኖርበታል። በአዋጁ መሠረት ስለ አንድ ሰው የተያዘ መረጃ ያለ አግባብ አይሰበሰብም፤ ባለመረጃው የተያዘበትን የማወቅና ስሕተቱን የማሳረም መብት አለው፤ መረጃ ወደ ውጭ ሀገር የሚተላለፍበትም ሥርዓት ተደንግጓል። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የአባላቱን ስም፣ ስልክና የቤተሰብ ሁኔታ የያዘ ማንኛውም ማኅበር መዝገቡን በክላውድ ስላስቀመጠ ኃላፊነቱን ለኩባንያው አስረክቧል ማለት አይደለም። እህሉ ወፍጮ ቤት ቢገባም እህሉ የእኛ ነው፤ የመጠበቅም ግዴታው የእኛ ነው።

ምን እናድርግ?

ከላይ የተዘረዘሩት ነጥቦች ወደ አንድ ድምዳሜ ያመሩናል። ክላውድ ትንሹን ድርጅት ከካፒታል ሸክም ያላቅቀዋል፤ ነገር ግን በምትኩ ጥገኝነት ያመጣል። ጥቅሙን አስቀርቶ ጥገኝነቱን ማክበድ ወይም ጥገኝነቱን አቅልሎ ጥቅሙን ማጉላት በተጠቃሚው ንቃትና አደረጃጀት ላይ የተመሠረተ ነው። በዚህ ረገድ ማንኛውም ማኅበርና አነስተኛ ድርጅት ዛሬውኑ ሊጀምራቸው የሚችላቸው ተግባሮች አሉ።

አንደኛ፣ የመዝገብን ቅጂ በእጅ መያዝ ነው። በሩቅ ቤት ያለው መዝገብ በየወሩ በራስ ማስቀመጫ ላይ ይገልበጥ፤ ማስቀመጫውም ከቢሮው ውጭ፣ በሌላ ኃላፊ ዘንድ ይቀመጥ። የስትራስቡርግ ትምህርት ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ከመግባት በፊት ስለ መውጣት መጠየቅ ነው። መረጃዬን ሙሉ በሙሉ፣ ሌላው ፕሮግራም በሚያነበው ዓይነት መውሰድ እችላለሁን? ስንት ያስከፍለኛል? ይህን የማይመልስ ሻጭ ጋር ውል አይፈረምም። ሦስተኛ፣ የይለፍ ቃሉ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ እንዳይቀር ማድረግ ነው። ሂሳቡ በማኅበሩ ስም ይከፈት፤ ቢያንስ ሁለት የተመረጡ ሰዎች ይወቁት፤ ኃላፊ ሲለወጥ ቁልፉም ይለወጥ። አራተኛ፣ ወጪን በየሳምንቱ መመልከትና ጣሪያ ማበጀት ነው። አምስተኛ፣ በጋራ መግዛት ነው። አሥር ማኅበራት ለየብቻቸው አሥር ባለሙያ መቅጠር አይችሉም፤ አንድ ላይ ሆነው ግን አንድ ባለሙያ መቅጠርና የተሻለ ዋጋ መደራደር ይችላሉ።

ይህ አምስተኛው ነጥብ ቀደም ሲል ወዳቆየነው ልዩነት ይመልሰናል። የዕድሩ ድንኳን የአባላቱ ነው፤ የክላውዱ መኪና ግን የኩባንያው ነው ብለን ነበር። መኪናውን የራሳችን ማድረግ ለአንድ ሰፈር ማኅበር ከአቅም በላይ ነው፤ አስፈላጊም ላይሆን ይችላል። ወፍጮ ቤቱም የእኛ አይደለምና። ነገር ግን ሚዛኑን የምናነበው፣ እህላችንን የምንለየው፣ ዋጋው ሲጨምር አብረን የምንጠይቀው፣ ባይስማማንም ተሸክመን ወደ ሌላው ወፍጮ የምንሄደው እኛው ነን። እነዚህ አራት ነገሮች በእጃችን እስካሉ ድረስ ተጠቃሚዎች ነን። ከእጃችን ከወጡ ግን ተጠቃሚው ባለ ወፍጮው ብቻ ይሆናል።

በየሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀው ሥራ የሚፈልጉ፣ ስልክና ኮምፒዩተር የሚያውቁ ልጆች አሉን። በየዕድሩም የሠላሳ ዓመት መዋጮ በብዕር የመዘገቡ፣ የሂሳብን ነገር እንከን በሌለው ጥንቃቄ የሚያውቁ አባቶችና እናቶች አሉን። ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ዶላር አይጠይቅም። በሚመጣው የወር ስብሰባ አንድ አጀንዳ ይያዝ፤ «መዝገባችን የት ነው ያለው? ዛሬ ማታ ቢጠፋ ነገ ጠዋት ምን ይቀረናል?» ተብሎ ይጠየቅ። ለዚህ ጥያቄ ተጨባጭ መልስ የሰጠ ማኅበር ስለ ክላውድ የመጀመሪያውን ትምህርት ተምሯል። ከዚያ በኋላ ያለው የዋጋና የምርጫ ጉዳይ ነው።